ስለ ጃፓን ሲኒማና ስለ ገበታዋ

በአማርኛ ስለ ጃፓን ከተጻፉት መጻሕፍት ሁለቱ ከሁሉ ይልቅ የታወቁ ናቸው። አንደኛው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው ወደዚያ አገር ደርሰው ከተመለሱ በኋላ በ1924 ዓ.ም. ያሳተሙት «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ነው። ሁለተኛው አቶ ከበደ ሚካኤል በ1946 ዓ.ም. ያወጡት «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ነው። (በዚህ ጽሑፍ የማነሣውን ዓመተ ምሕረት ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ማድረጌን አንባቢ ያስተውልልኝ።) ሁለቱም ደራስያን የተነሡበት ምክንያት የሚመሰገን ነበረ። በዚያ ዘመን ከአውሮፓና ከአሜሪካ ውጭ ነጻነቱን ጠብቆ መርከብና ባቡር፣ መድፍና ትምህርት ቤት በገዛ እጁ ያቆመ መንግሥት ቢፈለግ ከጃፓን በቀር የሚጠቀስ እምብዛም አልነበረም። በሐምሌ ወር 1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን እንኳ የጃፓንን የ1881 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አብነት አድርጎ የተረቀቀ መሆኑ የታወቀ ነው።

ለእኛ ለደብረ ታቦር ሰዎች ግን ነገሩ የመጽሐፍ ርእስ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ከከተማችን አጠገብ በጋፋት አፄ ቴዎድሮስ የእጅ ጥበብ የሚያውቁትን ሚስዮናውያን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አሠርተዋል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ያን መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሄዱ፤ በሚያዝያም ወር በዚያው ሞቱ። በዚያው በ1860 ዓ.ም. በጃፓን የሜይጂ ንጉሠ ነገሥት ሥልጣን ታወጀ፤ አቶ ከበደ የመረመሩት ሥልጣኔም ከዚያ ጀመረ። ጋፋት ላይ ቆሞ ይህን ለሚያስብ ሰው «እነርሱ እንደምን ሠለጠኑ?» የሚለው ጥያቄ «እኛስ ለምን ቀረን?» የሚል መንትያ አለው። እኔም በመምህርነቴ ዘመን ሁለቱን ጥያቄዎች ሳልነጣጥል ለተማሪዎቼ ሳቀርብ ኖሬአለሁ።

ዛሬ ግን ጥያቄው ራሱ ሊመረመር ይገባዋል እላለሁ። አንድን ሕዝብ «እንዴት በረታህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስለ ጡንቻው ይነገረዋል እንጂ ስለ ልቡ አይነገረውም። ጃፓን መርከብ መሥራትን ተማረች፤ በ1929 ዓ.ም. ግን ኢጣልያ አገራችንን መያዟን እንደ ሕጋዊ ነገር ከተቀበሉት መንግሥታት አንዷ ሆነች። ከዚያም በእስያ ላይ ጦርነቷን አስፋፍታ ብዙ ሕዝብ ከበደለች በኋላ በ1937 ዓ.ም. ሁለት ከተሞቿ በአቶሚክ ቦምብ ጠፉ፤ እርስዋም ተሸነፈች። አቶ ከበደ መጽሐፋቸውን ያሳተሙት ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው። የሚያስደንቀው ነገር፣ መጽሐፉ በአዲስ አበባ በወጣበት በዚያው በ1946 ዓ.ም. ጃፓኖች ራሳቸው በሲኒማ ቤቶቻቸው ውስጥ ሌላ ጥያቄ ይጠያየቁ ነበር፤ ይኸውም ከሠለጠንን በኋላ ምን ሆንን የሚል ነው። የጠየቁትም በስብከት አይደለም። ማን ለማን ምን አቀረበ፣ ማን ቀዳ፣ ማን ተነፈገ እያሉ ገበታቸውን በማሳየት ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው ያሱጂሮ ኦዙ በጥቅምት 1946 ዓ.ም. ያወጣውን «የቶኪዮ ታሪክ» ነው። ኦኖሚቺ ከምትባል የወደብ ከተማ አንድ ሽማግሌና ባለቤቱ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ወደ ቶኪዮ ይሄዳሉ። የበኩር ልጃቸው ሐኪም ነው፤ ሴት ልጃቸው የጠጉር ሥራ ቤት አላት። ሁለቱም ክፉዎች አይደሉም፤ ሥራ በዝቶባቸዋል። የሴት ልጃቸው ባል ለአማቶቹ ጥሩ ኬክ ገዝቶ በመጣ ጊዜ ሚስቱ ለእነርሱ ይህን ያህል ውድ ነገር አያስፈልግም ብላ ትገሥጸዋለች። ከዚያም ልጆቹ ገንዘብ አዋጥተው ወላጆቻቸውን አታሚ ወደምትባል የፍል ውሃ ከተማ ይሰዷቸዋል። ነገሩ ክብር ይመስላል፤ ግን ከቤት ማራቅ ነው። በማረፊያው ቤት ጎረምሶች ሌሊቱን ሲጫወቱና ሲዘፍኑ ሽማግሌውና አሮጊቷ እንቅልፍ ሳያዩ ያድራሉ።

ኖሪኮ የምትባል፣ ባሏ በጦርነት የሞተባት ምራት አለቻቸው። ድኻ ናት፤ የምትኖረውም በአንዲት ጠባብ ክፍል ነው። አማቶቿ በመጡባት ጊዜ የምታቀርበው ስለሌላት ወደ ጎረቤቷ ሄዳ ሳኬ የተባለውን የሩዝ መጠጥና መቅጃውን ተበድራ ታመጣለች። ፊልሙ ይህን ነገር ከፍ አድርጎ አያሳይም፤ ዓይኑን የነቀለ ሰው ሳያየው ሊያልፍ ይችላል። ነገር ግን በሐኪሙ ቤትና በጠጉር ሥራው ቤት ያልተገኘው አክብሮት የተገኘው በዚያ በተበደረ መጠጥ ውስጥ ነው።

ይህን ፊልም ያየሁት ከአንዲት ጎረቤቴ ጋር ነው። በዕድሜ ከእኔ ይበልጣሉ፤ ማንበብ ስለማይችሉ ከሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛ እያቆምሁ በአማርኛ እነግራቸው ነበር። ስለ ኬኩ በነገርኋቸው ጊዜ «አይ ልጅ!» አሉና ሳቁ። ወላጆቹ ወደ ፍል ውሃ በተላኩ ጊዜ ግን ዝም ብለው ቆዩ። ቆይተውም፣ «መምህር፣ እኔንም እኮ አዲስ አበባ የሄድሁ ጊዜ ለጠበል ብለው እንጦጦ ወስደው አስቀመጡኝ። ጠበሉስ መልካም ነበረ፤ ግን ያመመኝ ነገር አልነበረም» አሉኝ። እኒህ ሴት የኦኖሚቺን ስም ሰምተው አያውቁም፤ ጃፓን በስተ ምሥራቅ ትሁን በስተ ምዕራብ አይጠይቁም። ቢሆንም ከሁለት ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ጃፓንን የሚያውቋት ሰው ሆኑ። ጃፓንን ለመምሰል እንጣር የሚለው ትምህርት ለእርሳቸው አንድም ቀን ይህን አላደረገላቸውም።

በፊልሙ መጨረሻ አሮጊቷ ወደ አገሯ ተመልሳ ትሞታለች። ከቀብር በኋላ ቤተ ሰቡ ለመብል ተቀምጦ ሳለ፣ ምግቡ ሳይነሣ ሴት ልጅዋ የእናቷን ልብስ ለመታሰቢያ እንዲሰጧት ትጠይቃለች፤ በዚያው ምሽትም ልጆቹ ባቡር ተሳፍረው ይሄዳሉ። በእኛም አገር ተዝካሩ ሳይወጣ ጋቢውንና መሬቱን ያነሣ ዘመድ ያላየ ሰው ካለ ዕድለኛ ነው። ከሁሉ የምታንሰው ልጅ በወንድሞቿና በእኅቷ ተቆጥታ ስትናገር ኖሪኮ ታጽናናታለች፤ ልጆች ካደጉ በኋላ የራሳቸው ኑሮ ይኖራቸዋል፣ መራራቁም የማይቀር ነው ትላታለች። እዚህ ላይ ግን ከኦዙ ጋር አልስማማም። ብዙ ሰዎች ይህን ትዕግሥት ትልቅ ጥበብ ነው ይሉታል። ስለ አባትና ስለ እናት የተሰጠው ትእዛዝ ግን እንደ ክረምትና እንደ በጋ ሳንፈልገው የሚያልፍ ነገር አይደለም፤ ሰው የሚጠብቀው ወይም የሚያፈርሰው ነው። የማይቀር ነገር ነው ማለት በዳዩን ከወቀሳ ያድነዋል እንጂ ለተበደለው አይጠቅመውም።

ኦዙ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የሠራውን «የአረንጓዴ ሻይና የሩዝ ጣዕም» የተባለውን ፊልም ግን ያለ ተቃውሞ እወደዋለሁ። አንዲት የከተማ ሀብታም ሚስት የባላገር ልጅ የሆነውን ባሏን ትንቀዋለች፤ በተለይም ሩዙ ላይ መረቅ ጨምሮ ሲበላ ማየት ያሳፍራታል። በመጨረሻ አንድ ሌሊት ሠራተኛዋ ተኝታ ሳለ ሁለቱ ወደ ማድቤት ይገባሉ። ሴቲቱ በገዛ ቤቷ ዕቃው የት እንደሚቀመጥ አታውቅም። ፈልገው የተረፈ ሩዝ ያገኛሉ፤ ሻይ አፍስሰውበት አብረው ይበላሉ። ታረቁ የሚል ቃል አያስፈልግም።

የጃፓን ገበታ ለእኛ ዓይን መጀመሪያ ላይ ቀዝቃዛ ነው። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ጎድጓዳ ሳሕን ይዞ በሁለት ቀጫጭን እንጨት ይበላል፤ መሶብ የለም፤ ጉርሻ የለም። ይህን ያየ ሐበሻ ፍቅር የሌላቸው ሕዝብ ናቸው ብሎ ለመፍረድ ይቸኩላል። እኔ በሚስዮን ትምህርት ቤት ለየብቻ በሳሕን እየበላሁ ያደግሁ ስለሆንሁ በዚህ አልቸኩልም። ሳኬ በሚጠጣበት ጊዜ ሰው ለራሱ አይቀዳም፤ የጎረቤቱ ስኒ መጉደሉን አይቶ ይቀዳለታል፤ የእርሱንም ጎረቤቱ ያይለታል። እንግዲህ ጉርሻቸው በመጠጥ በኩል ነው ማለት ነው።

ሩዝን ለማየትስ ጃፓን ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር ስንወርድ ወረታ ላይ የፎገራ ሜዳ ይጠብቀናል። በክረምት ውሃ በሚተኛበት በዚያ ሜዳ ሩዝ የተለመደው በደርግ ዘመን፣ የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ከመጡ በኋላ ነው፤ ገበሬው ከሁሉ ይልቅ የወደደው ዘርም «ኤክስ ጅግና» ይባላል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ጃይካ የተባለው የጃፓን መንግሥት የትብብር ድርጅት በፎገራ ያለውን ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ሲረዳ ቆይቷል። የፎገራ ሰው ግን በሩዙ ምን እንደሚያደርግበት ማንንም አልጠየቀም። ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ ጋገረው፤ ጠላ ጠመቀው፤ አረቄ አወጣበት። ጃፓኖች ሳኬ ሲጠምቁ የእኛ ብቅል የሚሠራውን ሥራ የሚሠራላቸው ኮጂ የሚባል፣ በተቀቀለው ሩዝ ላይ የሚያበቅሉት ሻጋታ ነው። የእኛ ባልትና አዋቂ ብታየው ወዲያው አውጥታ ትጥለው ነበር። አቶ ከበደ የደከሙበት ምስጢር፣ ይኸውም የሌላውን ነገር ተቀብሎ የራስ ማድረግ፣ ከእኛ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ባለ ማድቤት ያለ አንዳች መጽሐፍ ሲፈጸም አይቻለሁ።

ሩዝ በሲኒማቸው ውስጥ ሁልጊዜ የሰላም ምግብ አይደለም። አኪራ ኩሮሳዋ በዚያው በ1946 ዓ.ም. ባወጣው «ሰባቱ ሳሙራይ» ሽፍቶች የሚዘርፏቸው ገበሬዎች የሚከላከሉላቸውን ወታደሮች የሚቀጥሩት በሩዝ ነው። ለወታደሮቹ ነጩን ሩዝ እየቀቀሉ እነርሱ ዳጉሳ የመሰለ እህል ይበላሉ። የወታደሮቹ አለቃ ይህን ባወቀ ጊዜ ሳሕኑን ተቀብሎ በከንቱ እንደማይበላው ይናገራል። ኋላ ግን ከወታደሮቹ አንዱ፣ ራሱ ከገበሬ የተወለደው፣ የፊልሙን ዋና ንግግር ይናገራል። ገበሬ ውሸታምና ፈሪ ነው፣ ወለሉን ብትቆፍሩ የደበቀውን ሩዝ፣ ባቄላና ሳኬ ታገኛላችሁ ይላል፤ ቀጥሎም እንዲህ ያደረገው ማን ነው፣ ቤቱን ያቃጠላችሁ፣ እህሉን የዘረፋችሁ እናንተ አይደላችሁምን ብሎ ወደ ጓደኞቹ ይዞራል።

ይህን ንግግር ደብረ ታቦር ላይ ሆኖ መስማት ቀላል አይደለም። ከተማችን ከራስ ጉግሣ ጀምሮ የመሳፍንትና የነገሥታት ከተማ ነበረች፤ የወታደሩን ጉሮሮ የሚሞላው ግን የበጌምድር ባላገር ነበረ። የታሪክ መጻሕፍቶቻችን በአዳራሹ የተጣለውን ግብር፣ የታረደውን ሰንጋና የተቀዳውን ጠጅ በደስታ ይተርካሉ፤ ያ ሁሉ ከማን ጎተራ እንደ ወጣ ግን አይጠይቁም። እህሉን የደበቀውን ባላገር ንፉግ ይሉታል። ኩሮሳዋ ስለ አባቶቹ ወታደሮች የተናገረውን እኛ ስለ አባቶቻችን ለመናገር ገና አልደፈርንም። አንድን ሕዝብ ሠልጥኗል ለማለት እኔ የምጠይቀው ምልክት ቢኖር ይህ ድፍረት ነው፤ ባቡሩ ኋላ ይመጣል።

«ኢኪሩ» የተባለው የኩሮሳዋ ፊልም በ1945 ዓ.ም. ወጣ፤ ትርጓሜው መኖር ማለት ነው። ዋታናቤ የሚባል የማዘጋጃ ቤት ሹም 30 ዓመት ያህል ከሥራው ሳይቀር ማኅተም ሲመታ ኖሮ የሆድ ነቀርሳ እንዳለበት ያውቃል። የአንድ ሰፈር እናቶች የቆሸሸው ውሃ ደርቆ ለልጆቻቸው የመጫወቻ ቦታ እንዲሠራላቸው አቤቱታ ይዘው መጥተው ነበር፤ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው፣ ከዚያም ወደ ሌላው እየተላኩ መጨረሻ ወደ መጀመሪያው መስኮት ተመልሰዋል። «ነገ ተመለሱ» የሚለውን ቃል የሚያውቅ አገር ሁሉ ይህን ክፍል ያለ አስተርጓሚ ያየዋል። ዋታናቤ በቀረው ጥቂት ዕድሜ ያን ቦታ ያሠራል፤ በረዶ በሚወርድበት ሌሊት እዚያው ይሞታል።

ከሞቱም በኋላ ያለው ክፍል ከሁሉ ይበልጣል። የሥራ ባልደረቦቹ ለቅሶ ተቀምጠው ሳኬ ይጠጣሉ። መጀመሪያ ሥራው የእርሱ አልነበረም ይላሉ። መጠጡ እየበረታ ሲሄድ እውነቱ ይወጣል፤ ያለቅሳሉ፤ ከእንግዲህ ወዲህ እኛም እንደ እርሱ እንሠራለን ብለው ይምላሉ። በማግሥቱ ሌላ አቤት ባይ ይመጣል፤ እነርሱም ወደ ሌላ ክፍል ይልኩታል። ኩሮሳዋ ሳኬን አልረገመም፤ ያሳየው በስኒው ሥር የተማለ ቃል ኪዳን እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ነው። በጠላ ቤት ስንት ድልድይ እንደ ሠራንና ስንት ጉቦኛ እንዳባረርን ለሚያስታውስ የእኛ አገር ሰው ይህ ክፍል ሳቅም ዕንባም ያመጣል።

ስለ ሻያቸው ሥርዓት ብዙ ስለ ተጻፈ ረጅም አልናገርም። ሥርዓቱን አሁን ላለው መልክ ያበቃው ሴን ኖ ሪኪዩ የሻዩን ቤት በር ጠባብ አደረገው፤ ጦረኛው ጎራዴውን በውጭ ትቶ፣ ጎንበስ ብሎ ይገባ ዘንድ። ይህን ያስተማረ ሰው በ1583 ዓ.ም. በጌታው በሂዴዮሺ ትእዛዝ ራሱን እንዲገድል ተፈረደበት። እንግዲህ ሥርዓቱን ለውጭ አገር እንግዳ ስናሞግስ፣ ወይም የእኛን አቦል፣ ቶናና በረካ ከእርሱ ጋር ስናነጻጽር፣ ከስኒው ማማር ይልቅ ማን ጎንበስ አለ ማን አላለም የሚለውን ብንመለከት ይሻላል።

በመጨረሻ የሁለታችንን አገር ታሪክ በአንድ ላይ የያዘ አንድ ፊልም አለ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ። ኮን ኢቺካዋ ስለ እነዚያ ጨዋታዎች በሠራው ፊልም የአበበን ፊት ለብቻው ለረጅም ጊዜ ያሳየናል። ሌሎች ሯጮች በመንገድ ዳር በተሰናዳው ጠረጴዛ ላይ ቆመው ስኒ በስኒ ላይ እየደራረቡ ሲጠጡም ያሳየናል። ለዚህ ነው አንዳንድ የጃፓን ባለሥልጣኖች በፊልሙ ቅር የተሰኙት፤ እነርሱ የፈለጉት የአገራቸውን ክብርና ድል ነበረ፤ ኢቺካዋ ግን የተጠማ ሰው አሳያቸው።

በዚያ ቀን ከአበበ ቀጥሎ ወደ ስታዲየሙ የገባው የአገሩ ልጅ ወታደሩ ኮኪቺ ትሱቡራያ ነበረ። በሕዝቡ ፊት በመጨረሻው ዙር እንግሊዛዊው ሂትሊ ቀደመው፤ ከ4 ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ሦስተኛ ወጣ። ለሚቀጥለው ኦሊምፒክ ሲዘጋጅ ወገቡን ታመመ። በ1960 ዓ.ም. በታኅሣሥ መጨረሻ፣ የፈረንጆችን አዲስ ዓመት ከቤተ ሰቡ ጋር ካከበረ በኋላ፣ በ27 ዓመቱ ራሱን ገደለ። ይህን ሥራ የማመሰግን አይደለሁም፤ የሰው ነፍስ ባለቤት ሌላ ነውና። የተወው ደብዳቤ ግን ስለ ጃፓን ካነበብሁት ሁሉ ከልቤ የማይወጣው ነው። ስለ ሩጫ፣ ስለ አገር ክብር፣ ስለ ሜዳልያ ብዙ አይናገርም። በአዲሱ ዓመት ያበሉትንና ያጠጡትን ሰዎች አንድ በአንድ እየጠራ ያመሰግናል። ለአባቱና ለእናቱ የተፈጨው ሥራ ሥር፣ የደረቀው ፍሬና የሩዙ ቂጣ እንደ ጣፈጠው ይነግራቸዋል፤ ለአንዱ ወንድሙና ለሚስቱ የሱሺውን፣ ለሌላው የወይኑንና የፖሙን ምስጋና ያደርሳል፤ የወንድሞቹን ልጆች በየስማቸው ይመርቃል። ከዚያም ደክሞታልና መሮጥ እንደማይችል፣ በአባቱና በእናቱም አጠገብ መኖር ይመኝ እንደ ነበረ ጽፎ ደብዳቤውን ይጨርሳል።